ቅጣቱ በዛብኝ

ወደ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ከሚገቡት አቤቱታዎች ሁሉ ልቤን የሚይዘው «አላጠፋሁም» የሚለው አይደለም። «አጥፍቻለሁ፤ ቅጣቱ ግን በዛብኝ» የሚለው ነው። ሰውዬው ጥፋቱን ተሸክሞ ቆሞ ስለ ሸክሙ ልክ ብቻ ይናገራል። ይህን ለመናገር ድፍረትም ትሕትናም ይጠይቃል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ድምፅ አልዘነጋውም። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ግን ይችላል። በሩ ጠባብ ነው፤ ግን አልተዘጋም።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህን ይግባኝ የሚያዘጋጀው ጠበቃ ሥራ ነው። ጠበቃው የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዞ መስመር በመስመር ይፈትሻል። የወንጀሉ ደረጃ በትክክል ተመድቧል? የተፈረደበት ሰው የቀድሞ መልካም ጠባይ ተቆጥሮለታል? የተበዳዩን ጉዳት ለመካስ መሞከሩስ? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ክርክሩ በቅጣት እርከኖች ላይ ነው፤ አንድ የማቅለያ ምክንያት ተቀባይነት ሲያገኝ ቅጣቱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ መውረድ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ማረሚያ ቤት ላለው አባት ግን ልጁ ፊደል ስትቆጥር አጠገቧ መቀመጥ ወይም አለመቀመጥ ነው።