የማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሄጄ የምቆመው ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ነው። ዘጋቢ ፊልም ይዤ በየከተማው እዞራለሁ። የቀበሌ አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከል፣ ካልተገኘም ቅዳሜና እሁድ ኳስ የሚታይበትን ቪዲዮ ቤት ተከራይቼ አሳያለሁ፤ ከዚያ ያየውን ሰው አወያያለሁ። ከሥራው ሁሉ የቱ ይከብዳል ብትሉኝ ያቺ የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት። መብራቱን መቼ ላብራ?

ድሮ የመጨረሻው ምስል ገና ሳይጠፋ ቦግ አደርገው ነበር፤ የውይይት ጊዜ እንዳያጥረኝ እየሰጋሁ። አንድ ቀን መብራቱ ድንገት ሲበራ ፊት የተቀመጡ አንድ አባት በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲሸፍኑ አየሁ። እያለቀሱ ነበር። ያን ዕለት እሳቸው ትንፍሽ ሳይሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰው እንባው በታየበት ቦታ ሐሳቡን አያወጣም። ከዚያ ወዲህ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ ቀጥሎም በሩ ላይ ያለችውን አንድ አምፖል ብቻ አበራለሁ። ዓይን ለመጥረግ፣ ነጠላ ለማስተካከል፣ ጎረቤትን ቀና ብሎ ለማየት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

ደጋግሜ የማሳየው በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተሰኘ ፊልም ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ሰውነት ተጭኖ ይጎዳዋል፤ ቀዳዳ ይፈጠርና ሽንት መቆጣጠር ያቅታል፤ ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ፊልሙ እንዲህ የሆኑ የገጠር ሴቶችን ከደጃቸው ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ይከተላቸዋል። አንዷ ከእናቷ ቤት ጀርባ በተቀለሰች ደሳሳ ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ሴቶቹ የሚናገሩት በአገራችን ቋንቋ ስለሆነ አዳራሹ ያለ አስተርጓሚ ይሰማቸዋል፤ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቦታ ብቻ ገታ አድርጌ እተረጉማለሁ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ፕሮጀክተር ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጀነሬተር ይለመናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ከጠፋበት ተነሥቶ ይሄዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ክረምት ላይ ፊልም አታሳዩ። ዝናቡ ሲወርድ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው።

ዋናው ሥራ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳዘጋጅ ሦስት ባለሙያዎች ጋብዤ መድረክ ላይ አስቀመጥኩ። ተራ በተራ አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ሁሉም ትክክል ተናገሩ። ሕዝቡ በጓሮ በር እየሾለከ አለቀ። አሁን መድረኩ ላይ ማንም አይቀመጥም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሴቶቹ መሐል አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲጠይቃት ካለችበት ትመልሳለች። ሽማግሌዎቹን ደግሞ ቀደም ብዬ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነጋግራለሁ። እነሱ አስቀድመው ከተናገሩ ከእነሱ ቃል የሚወጣ ወጣት የለም። ስለዚህ «ጋሼ፣ የማሳረጊያውን ቃል ለእርስዎ ላቆየው?» እላለሁ። ማሳረጊያ ክብር ነውና እንቢ ያለኝ የለም። በዚህ መሐል ልጆቹ ይናገራሉ፣ ሴቶቹ ይናገራሉ፤ ጋሼም የሁሉን ሰምተው ይደመድማሉ። አንዳንዴ ሲመጡ ያሰቡትን ትተው ሌላ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል። «ምን ተሰማችሁ?» ካላችሁ መልሱ «ያሳዝናል» ነው። «ያሳዝናል» ከተባለ በኋላ ሌላ ወሬ የለም፤ ሁሉም አዝኖ ወደ ቤቱ ይገባል። አሁን የምጠይቀው «ከዓይናችሁ አልጠፋ ያለው የቱ ነው?» ብዬ ነው። የታየ ነገር የሁሉም ነው፤ የተማረም ያልተማረም እኩል ያየዋል።

አንድ ቀን ይህን ስጠይቅ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ተነሣ፤ ኋላ እንደነገሩኝ የከተማው ቤት ሠሪ ነው። «ጎጆዋ» አለ። «ማገሩን አየሁት። የችኮላ ሥራ ነው። ግን ሰው ነው የሠራው። ማን ሠራላት?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ፊልሙን ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም፤ ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እኔ ጎጆዋን የመከራዋ ምስል አድርጌ ነበር የማያት። እሱ ግን እንጨት ቆርጦ ያመጣውን፣ ጉድጓድ የቆፈረውን፣ ጭቃ የለጠፈውን እጅ አየ። አንዱ «አባቷ ይሆናል» አለ። ሌላው «ወንድሞቿ ናቸው፤ ከሜዳ ይሻላል ብለው ነው» አለ። አንዲት ሴት «ከሜዳ ይሻላል ማለት ደግነት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ አንገቱን ደፍቶ «እኛም ቤት ተሠርቷል» አለ። ማንም ምንም አላለውም። አጠገቡ ያለው ሰው ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈለት። ያን ቀን አንዲትም ሐሳብ አልሰነዘርኩም፤ ይህ ሥራ በዚያ ቀን የገባኝን ያህል ገብቶኝ አያውቅም።

አወያይ ዝም ማለቱ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበኝ የሚጠይቁኝ አሉ። ምስል ያለ ውይይት ሲለቀቅ የሚያደርገውን አገራችን ታውቃለች። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ቆርጦ ቀጠለውና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ነገር ግን ለተመልካቹ የሚጠይቀው ነገር አልተተወለትም፤ ፍርዱ ከምስሉ ጋር አብሮ ተሰፍቶ ነበር የመጣው። እህሉ የት ነበር? መሬቱ በማን እጅ ነበር? እያወቀ ዝም ያለውስ ማን ነው? እነዚህን በአደባባይ የሚጠይቅ አዳራሽ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ያው ወሎ እንደገና ተራበ፤ እነዚያ ጥያቄዎች ያኔም ሳይጠየቁ እዚያው ነበሩ። ሪሞቱን ስይዝ ይህ ትዝ ይለኛል። የቱ ጋ እንደማቆም፣ ለማን ቀድሜ ዕድል እንደምሰጥ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም።

ፊልም ከማሳየቴ በፊት ግን መልሱን ሳልይዝ የማልገባበት አንድ ጥያቄ አለ፦ የት ይኬዳል? ችግሩን አሳይቶ መሄጃውን አለመንገር ጭካኔ ነው። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሀምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ያው የፌስቱላ ሆስፒታል ዛሬ ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት አሉት፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ። በቂ መስሎኝም ነበር።

አንድ ምሽት ሰው ሁሉ ወጥቶ ገመድ እየጠቀለልኩ ሳለ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው አየሁ። እኔን አልፈው ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሄዱ።

«ልጄ፣ የባሕር ዳሩ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፣ እማማ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዲያ የሆነ ሰው ያሳፍራሉ?» አሉ።

ስለ ሆስፒታሉ ያን ሁሉ ስናገር ስለ መኪናው አስቤ አላውቅም። ልጅቷ ግን ለመመለስ አልዘገየችም። «ከእኔ ጋር ከሆነ ያሳፍራሉ። አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ ከኋላ ወንበር እንይዛለን፣ ፕላስቲክም አመጣለሁ» አለቻቸው።

«እንግዲያስ ሦስት ሰው ነን» አሉ እማማ፤ ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ብር ፈትተው በዚያች በአንዷ አምፖል ብርሃን መቁጠር ጀመሩ።