«የጎማ ሰንሰለት» በሚለው ስያሜና ፍች ላይ የቀረበ ሂስ

በረዶ በተጋገረበት ዳገት ወይም በዋልካ ጭቃ ላይ ለሚሄድ መኪና በጎማው ዙሪያ የሚጠለቀው የብረት ሰንሰለት «የጎማ ሰንሰለት» ሲባል እንሰማለን፤ ፍችውም «ጎማ እንዳይንሸራተት የሚከላከል ሰንሰለት» ተብሎ ይሰጣል። በእኛ አስተያየት ስያሜውም ፍችውም መታረም ይገባቸዋል።

«ጎማ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ እንደ መጣበት ቋንቋ ሁሉ በአማርኛም ቁሱም የመኪናው እግር ልባስም ይጠራበታል። «የወርቅ ሰንሰለት» ያለ ሰው ከወርቅ የተሠራ ማለቱ ነው፤ በዚሁ አገባብ «የጎማ ሰንሰለት» ከጎማ የተሠራ ወደ ማለት ያደላል። ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ታንክና ቡልዶዘር የሚሽከረከሩበትን ብረት «ሰንሰለት» እንለዋለን፤ በትናንሽ የመሬት መቆፈሪያ መኪኖች ላይ ደግሞ ይኸው ሰንሰለት ከጎማ ይሠራል። እንግዲህ ስሙ የሚገባው ለዚያኛው ነው።

«የበረዶ ሰንሰለት» የሚለው የኢጣልያንኛና የጀርመንኛ አጠራር ግልባጭ ነው። ለአልፕስ ተራሮች ይስማማ ይሆናል፤ ዕቃው ግን በጭቃም ላይ ያገለግላል፤ «በረዶ»ም በእኛ ቋንቋ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ አመዳዩንና የረጋውን ውሃ ሳይለይ የያዘ ቃል ነው። «ካቴና» በኢጣልያንኛ ሰንሰለት ማለት ቢሆንም፣ በአማርኛ በእስረኛ እጅ ላይ ስለ ዋለ ከዚያ ማውለቁ አስቸጋሪ ነው። «ፀረ-ሸርተቴ» ለማለት የሚቃጣው ቢኖር፣ በየስያሜው ፊት «ፀረ» መደቀን የለመድንበት ዘመን እንዳለፈ ብናስታውሰው ይበቃል።

የከፋው ጉድለት በፍችው ላይ ነው። «የሚከላከል» የሚለው ግሥ ዕቃው የማይሰጠውን ዋስትና ይሰጣል። አሜሪካዊው ሃሪ ዊድ በ1904 እ.ኤ.አ. ፓተንት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ የሥራው ስልት በመሠረቱ አልተለወጠም፤ በጎማው ፊት ላይ አግድም የተዘረጉት ቀለበቶች በመኪናው ክብደት እየተጫኑ መሬቱን ይነክሳሉ። መንሸራተትን ይቀንሳሉ እንጂ አያስቀሩም። የሚታሰረውም ሞተሩ በሚያሽከረክራቸው እግሮች ላይ ነው፤ በኋላ እግሮች ብቻ ከታሰረ ለመሪ የሚታዘዙት የፊቶቹ እንደ ቀድሞው ይንሸራተታሉ። በብዙ ሠሪዎች መመሪያ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይታዘዛል፤ በባዶ አስፋልት ላይ ሲነዳ ደግሞ ሰንሰለቱም መንገዱም ይጎዳል። የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ሕግ ከባድ የንግድ መኪኖች ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ በኢንተርስቴት 70 ተራራማ ክፍል ሰንሰለት ይዘው እንዲጓዙ ያስገድዳል። በዚያ አገር በጭነት መኪና የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ይህን ፍች አምኖ ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ስሕተቱን የሚያውቀው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ነው።

በእኛ በኩል «ቆንጣጭ ሰንሰለት» የሚለውን እንመርጣለን። መሬትን ቆንጥጦ መያዝ ለአማርኛ እንግዳ አነጋገር አይደለም፤ ጭቃንም በረዶንም ሳይለይ ያቅፋል፤ ሥራውንም ሳያጋንን ይናገራል። ፍችውም «ጎማ መሬት የመቆንጠጥ ኃይሉ እንዲጨምር፣ ሞተር በሚያሽከረክራቸው የመኪና እግሮች ላይ የሚታሰር፣ በዝግታ የሚነዳበትና በባዶ አስፋልት ላይ የሚፈታ የብረት ሰንሰለት» ቢባል ይስማማናል። ረዘመ የሚል ቢኖር፣ ከሐረጎቹ የትኛው እንዲወጣ እንደሚፈልግ ይጻፍልን።