«ቀዘቀዘ» ወይስ «ተገተረ»? በአንድ የሊኑክስ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

የስያሜ ሥራ ዓላማ ለባዕድ ቃል አማርኛ ምትክ ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ስያሜው አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ተግባር ሊመራው ይገባል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን፣ ስለ ሊኑክስ ሥርዓት ብልሽት ወደ አማርኛ ተመልሶ እጄ የገባው አንድ መመሪያ ከበድ ያለ ጉድለት ይታይበታል።

መመሪያው የሚናገረው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካይነት ስለሚቋቋም ሌላ ኮምፒዩተር ነው። ተርጓሚው ይህን «ምናባዊ ማሽን» ብሎታል። ስያሜው የተለመደ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ይሁን እንጂ ማሽኑ ምናባዊ ቢባልም የሚሻማው ፕሮሰሰር እውነተኛ መሆኑ መገለጥ ነበረበት። ተሸካሚውን «አስተናጋጅ»፣ በላዩ የሚሠራውን «እንግዳ» ማለቱ መልካም ነው። ነገር ግን «እንግዳ ሥርዓት» ሲል አንባቢው «ያልተለመደ ሥርዓት» ብሎ ይረዳል፤ «የእንግዳው ሥርዓት» ቢል ጥርጥር ባልኖረ ነበር።

ዋናው ስሕተት «ቀዘቀዘ» የሚለው ግስ ነው። በአማርኛ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ወዳጅነትም ይቀዘቅዛል። ሁሉም ቀስ በቀስ መድከምን ያመለክታል። ስክሪኑ ድንገት ቀጥ ብሎ ለማውሱም ለፊደል ገበታውም አልታዘዝ ሲል ግን «ተገተረ» ማለት ይቀርባል።

ከዚህ የከፋው ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች በዚሁ ግስ መጨፍለቃቸው ነው። አንደኛ፣ አንድ ተግባር ከዲስክ መልስ ሲጠብቅ ሳይነቃ ይቀራል፤ ከርነሉም እንደ ተለመደው አደረጃጀቱ ከ120 ሰከንድ በኋላ ያስታውቃል። ይህን «ደጅ ጥናት» ብንለው ይስማማል። ሁለተኛ፣ የከርነሉ አንድ ክፍል ፕሮሰሰሩን ይዞ ከ20 ሰከንድ በላይ ለሌሎች ተግባሮች ተራ ይነፍጋል፤ ይህ «ሙጥኝ» ሊባል ይችላል። ሦስተኛ፣ አስተናጋጁ ሥራ በዝቶበት ለእንግዳው ፕሮሰሰር ሳይሰጠው ይቆያል፤ ይህም «ተራ ማጣት» ነው። ሦስተኛው ሁለተኛውን ሊመስል ይችላል፤ እንግዳው መታገዱን ሳያውቅ ሰዓቱ መዝለሉን ብቻ አይቶ የሙጥኝ ማስጠንቀቂያ ያወጣልና።

ሁለተኛውን ተርጓሚው «ለስላሳ መቆለፍ» ይለዋል። ለስላሳ ለእኛ የሚጠጣ ነው፤ ካልሆነም የማያሠጋ ማለት ነው። በምንጩ ግን ቃሉ የጉዳቱን ማነስ አይናገርም፤ ፕሮሰሰሩ የማቋረጫ ምልክቶችን አሁንም የሚቀበል መሆኑን፣ እነርሱንም ከማይቀበልበት ሁኔታ ለመለየት የገባ ነው።

ጉዳቱን በራሴ አይቼዋለሁ። ባለ አራት ኮር በሆነው ኮምፒዩተሬ ላይ በኬቪኤም ያቋቋምሁት እንግዳ ሦስት ኮር ተሰጥቶት ይገተር ነበር። መመሪያው «ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ጨምር» ስለሚል አራቱንም ሰጠሁት። መገተሩ ባሰበት፤ ኃይሉን በግድ ባቋርጠው ያላስቀመጥኋቸው የአንድ ቀን የመዝገበ ቃላት ካርዶች ጠፉ። ኋላ ያለፈውን መዝገብ አንብቤ፣ «ቶፕ» የተባለው ትእዛዝ የሚያሳየውን የተነጠቀ ጊዜ ስመለከት፣ ነገሩ ተራ ማጣት ሆኖ ተገኘ። ኮሩን ወደ ሁለት ዝቅ ባደርገው መገተሩ ቀረ።

እንግዲህ ተርጓሚው ያጣው አማርኛ አልነበረም፤ ነገሩን ከምንጩ አለመመርመሩ ነው። ከዚህ በላይ ያቀረብኋቸው ስያሜዎችም የመጨረሻ አይደሉም፤ የቋንቋና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በአንድነት ቢመዝኗቸው፣ ከተሻለም ቢለውጧቸው እወዳለሁ። ሦስቱ ምክንያቶች ግን ዳግመኛ በአንድ ቃል እንዳይጠሩ አደራ።