ውሃው የገባበት ሌላ፣ የታየበት ሌላ

አሮጌ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ሲያፈስ እርጥቡ ቦታና ውሃው የገባበት ቀዳዳ ጎን ለጎን የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። ከአልጋው በላይ ጥግ ላይ ቢጫ ምልክት ያየ ሰው ከውጭ በኩል እዚያው ላይ ሲሊኮን ይቀባል። ውሃው ግን በጣሪያው መስኮት ጠርዝ ገብቶ፣ ከኮርኒሱ በላይ በእንጨቱ ተመርቶ፣ ሁለት ሜትር ርቆ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ካራቫን ጠጋኝ እንደመሆኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ካራቫኑ የት ተጎድቷል ብዬ አይደለም፤ ሲቆም ወደየት አዘንብሎ እንደነበር ነው።

አዲስ አበባ አድጎ እዚህ ስቶክሆልም ለሚኖር ሰው ይህ ግር ይላል። እዚያ የሚዘንበው ከስቶክሆልም እጥፍ ገደማ ነው፤ ስቶክሆልም በዓመት የሚደርሳት 550 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ሲያፈስ ወዲያው ይናገራል። ጠብ ሲል ሳፋ ይደቀንለታል፣ ሲያባራ ሚስማሩ ይፈለጋል። የካራቫን ግድግዳ ድብቅ ነው፦ ከውጭ ስስ አሉሚኒየም፣ መሐሉ እንጨትና ነጭ ፎም፣ ከውስጥ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ኮምፔንሳቶ። የውስጡ ሽፋን እስኪያብጥ ድረስ እንጨቱ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ሆኖ ይጠብቃል።

ስዊድኖች ካራቫን መሥራት ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የቴንሁልቱ ካቤ፣ በ1964 በሰሜን ዶሮቴያ የተጀመረው ፖላር፣ ሁለቱም ብርድን አስበው ነው የሠሩት። የትኛውም ማሞቂያ ግን ያረጀ መጋጠሚያን አያድንም። ጣሪያና ግድግዳ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ በብሎን ታስሯል፤ ከሥሩ እንደ ማስቲካ የሚሳብ ቡቲል የሚባል ማሸጊያ አለ። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በረዶው ቀን ቀልጦ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ተመልሶ ይረጋል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ስንጥቁን ራሱ ያሰፋዋል። ውሃው የገባበትን ለማግኘት ዘንጉ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክር ስቦ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፍታት ነው። ግማሹ በዝገት ተበልቶ የወጣ ብሎን ከእርጥበት መለኪያው በላይ የማምነው ምስክር ነው።

መለኪያውም ቢሆን ይረዳል። ሁለት መርፌዎቹን እንጨቱ ላይ ሲጫኑት ከ15 በመቶ በታች ካነበበ ሰላም ነው፤ 20 ካለፈ ጥርጣሬ፣ 30 ከደረሰ ግን ኮምፔንሳቶውን መክፈት ግድ ይላል። አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም። በየቦታው ወረቀት ቴፕ ለጥፌ ቁጥሩን በእርሳስ እጽፍበታለሁ፣ ከዚያ ከፍተኛውን እየተከተልኩ ወደ ላይ እሄዳለሁ። በቧንቧ ውሃ ስሞክር ደግሞ ከታች ነው የምጀምረው። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው ወርዶ ሁሉንም መጋጠሚያ እኩል ያስጠረጥርበታል። ያም ሆኖ መኪናው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጎትተው ከፊት ለፊት የሚመታውን ዝናብ ቧንቧ አይተካውም።

እኛ ሐበሾች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። እንደ ብሬዴንግና ኤንግቢ ባሉ የሜላረን ሐይቅ ዳር ካምፒንጎች ብርድ ሲሆን መስኮቱን ዘግተን ሽሮ እናንተከትካለን፣ ጀበና እንጥዳለን፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ይህ ማፍሰስ አይደለም። ጤዛ ከትራስ ጀርባና ከመስኮት ግርጌ ሰፋ ብሎ ላይ ላዩን ይይዛል፣ አየር ሲያገኝ በቀናት ውስጥ ይደርቃል። የሚያፈስ ግን መስኮት ቢከፈትም አይለቅም፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ቁጥሩ ይጨምራል። ይህን ሳይለዩ ጣሪያ የሚፈቱ አሉ።

ከደንበኞቼ ጋር የማልስማማው በጊዜው ላይ ነው። «ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሲሊኮን ቀባ አድርግልኝና በቃ» ይሉኛል። በሲሊኮን ላይ ከዚያ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይይዝም፤ ቅሪቱን መፋቅ ከጥገናው ይብሳል። ከሁሉ የከፋው ግን እርጥብ እንጨት ላይ መድፈን ነው፤ ውሃው መውጫ ያጣና እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል።

ለማድረቅ የምመርጠው ጥርን ነው፣ ሰው ሁሉ ቢገረምም። አየር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን በኪዩብ ሜትር ሊይዝ የሚችለው ውሃ 2 ግራም ያህል ነው፤ ያው አየር ወደ ውስጥ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 17 ግራም መያዝ ይችላል። እናም ከእንጨቱ ይጠጣል። ከላይ ሸራ አልብሼ፣ እርጥቡን ፎም አውጥቼ፣ ትንሽ ማሞቂያ አስገብቼ፣ ሁለት መስኮት ገርበብ አደርጋለሁ። ማሸግ ግን በጥር አይሆንም፣ ማሸጊያው ሙቀትና ደረቅ ገጽ ይፈልጋል። ስለዚህ በመኸር እከፍታለሁ፣ በብርዱ አደርቃለሁ፣ ግንቦት ላይ አዲስ ቡቲልና የማይዝግ ብሎን ይዤ ዘንጉን እመልሳለሁ። ለበጋው ዕረፍት የቸኮለ ሰው ይህን መስማት አይወድም፤ አንዳንዱም ሌላ ሠሪ ጋ ይሄዳል።

ኮምፔንሳቶውን ስመልስ በቁም ሳጥኑ ውስጥ በማይታይ ቦታ ክዳን ያላት ጣት የምታህል ቀዳዳ እተዋለሁ፣ በሚመጣው ዓመት የመለኪያው መርፌ ያረጀውን እንጨት ራሱን እንዲነካ። አንዳንድ ባለቤቶች አዲስ ግድግዳ ለምን ትበሳለህ ብለው ይቆጣሉ። የት እንዳለች አሳያቸውና ክዳኗን አብረን እንገጥማለን።