መንጠልጠል ለማን ይታዘዛል?

አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጆን ኪርሽ ስለ ትከሻ ሕመም መፍትሔና መከላከያ በጻፈው መጽሐፍ የሚያዘው መድኃኒት አንድ አግድም ብረት ነው፤ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ መንጠልጠል፣ ማረፍ፣ መደጋገም፣ ቀጥሎም ቀላል ክብደት ማንሳት። በቀዶ ሕክምና የሚተዳደር ሰው ሕሙማንን ከቀዶ ሕክምና ለማዳን መጻፉ ያስመሰግነዋል።

ደካማው ክፍል ማብራሪያው ነው። እንደ ደራሲው አባባል፣ ሰውነት ሲንጠለጠል በትከሻ አናት ያለው የአጥንትና የጅማት ቅስት ወደ ላይ ይለመጣል፤ ከሥሩ የሚያልፉት የጡንቻ ጅማቶችም ከመታሸት ይድናሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት መጽሔት የወጣ የብሪታንያ ጥናት 313 ሕሙማንን በሦስት መድቦ፣ ከቅስቱ አጥንት ቆርጦ ቦታ ማስፋት መገጣጠሚያውን በመሣሪያ ከማየት ብቻ እንደማይሻል አሳይቷል። ያለ ሕክምና ከቆዩትም ጋር የነበረው ልዩነት ለሕሙማኑ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። እንግዲህ መንጠልጠል የሚጠቅም ከሆነ ምክንያቱ ቦታ መስፋቱ መሆኑ ያጠራጥራል። ደራሲው የሚያቀርበውም የራሱን ሕሙማን ውጤት ነው፤ ካልተንጠለጠሉ ጋር አልተነጻጸረም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ለትከሻ የተጻፈው ምክር ወደ ወገብ መሻገሩ ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ በአዲ አርቃይ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ወገቧን ሲያማት «ተንጠልጠዪ» ማለት ቀላል ነው፤ ወራጁም የዛፉ ቅርንጫፍም አይጠፋም። ሆኖም ቀን በሸክም የተጨመቀው ዲስክ ሌሊት ስትተኛ ውኃውን መልሶ ይመጥጣል፤ በመንጠልጠል የተገኘው ቁመትም ጀሪካኑን ዳግም ስታዝል ይጠፋል። ሸክሙን ለሁለት መክፈል ይሻላታል፤ መንገዱን ቢያበዛባትም።

በሂፖክራተስ ስም በሚታወቀው የመገጣጠሚያዎች መጽሐፍ ጎባጦችን በመሰላል አስሮ መነቅነቅ ተገልጿል፤ ጸሐፊው ግን በዚህ የቀና ሰው እንደማያውቅ፣ ሥራውም ተመልካችን ለማስደነቅ እንደሚደረግ ነቅፏል። ከእነዚያ ጎባጦች አንዳንዶቹ በሳንባቸው እባጭ እንደነበራቸውም ጽፏል፤ እኛ የአከርካሪ ቲቢ የምንለው ነው። በቲቢ የተበላ አከርካሪ ሲሳብ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ የእግር መስነፍ፣ ሽንት አለመታዘዝ ወይም በአከርካሪ ላይ ጉብታ ያለበት ሕመምተኛ ስለ ብረቱ ሳይነገረው ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ ሰውም፣ ወጌሻ መልሶለት ቢሆን እንኳ፣ አይንጠልጠል። ለቀረው የትከሻ ሕመምተኛ ግን፣ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ ከፊል ክብደቱን ብቻ በመልቀቅ ቢጀምር፣ የኪርሽን ምክር የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።