«ደም ያቀጥናል» ማለት ምን ማለት ነው? ፈረስን ጠይቁት

አስፒሪን ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው፦ «ደም ያቀጥናል»። ፋርማሲ ውስጥም፣ ቤት ውስጥም፣ የሳይንስ ቪዲዮ ላይም የምትሰሙት ይህንኑ ነው። አባባሉ ለመግባባት ይጠቅማል፤ እንደ ማብራሪያ ግን ደካማ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከራሳችን እንጀምር። ፕላትሌት (የደም አርጊ ሕዋስ) ከመቅኒ የምትወጣ፣ ኒውክለስ የሌላት ትንሽ ቁራጭ ናት። በአንድ ማይክሮሊትር ደማችን ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ያህሉ ይገኛሉ። የደም ሥር ሲቀደድ ቁስሉ ላይ ይለጠፉና ሌሎቹን ይጠራሉ። ከመጥሪያ መልእክቶቹ አንዱ ትሮምቦክሴን ይባላል። አስፒሪን ይህን መልእክት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ለዘለቄታው ያሰናክለዋል። ፕላትሌቷ ኒውክለስ ስለሌላት በምትኩ አዲስ ልትሠራ አትችልም፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ቀን በሚሆነው ዕድሜዋ ያን መልእክት ሳትልክ ትኖራለች። ልብ በሉ፦ ደሙ ውስጥ ውሃ አልተጨመረም፣ ደሙም አልቀጠነም። የተቋረጠው አንድ የመልእክት መስመር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። የፈረስ ፕላትሌትም ትሮምቦክሴን ትሠራለች፤ አስፒሪንም ምርቱን ይቀንሰዋል። ታዲያ ያው ውጤት መምጣት አልነበረበትም? አይመጣም። ላቦራቶሪ ውስጥ ኤዲፒ የሚባለው ሌላ መልእክት ሲጨመርባቸው ፕላትሌቶቹ ተሰባስበው ይያያዛሉ። በፈረስ ዘንድ ትሮምቦክሴን በሰው ያለውን ያህል ቦታ የለውማ! የኤዲፒን መቀበያ የሚዘጋው ክሎፒዶግሬል ግን በፈረስም ላይ ይሠራል። በተቃራኒው አድሬናሊን የሰውን ፕላትሌት ያሰባስባል፤ የፈረስን አያሰባስብም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እዚያ ቶሎ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ፣ የሁለት ማሽኖች ውጤት አንድ ስለሆነ ብቻ ውስጣቸው አንድ ነው ማለት እንዳልሆነ ነው። ሰውም ፈረስም ሲቆስሉ ደማቸው ይቆማል፤ የሚቆምበት መንገድ ግን ይለያያል። «ደም ያቀጥናል» የሚለው አባባል ይህን ልዩነት ይደብቀዋል። የሰኮና ሕመም ለያዘው ፈረስ «ደም እንዳይረጋ» ተብሎ አስፒሪን ሲሰጥ ቆይቷል፤ መድኃኒቱ የሚዘጋው ግን ፈረሱ ብዙም የማይመካበትን መስመር ነው።

ጉዳቱ ለሰውም ይተርፋል። «ደምሽን ያቀጥንልሻል» የተባለች እናት «ደሜ ሊያንስ ነው እንዴ?» ብላ ፈርታ ክኒኑን በራሷ ብታቆም ማን ይፈርድባታል? ልቧ ውስጥ ስቴንት ከገባላት ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም አደገኛ ነው።

«ለታካሚ ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ ማስረዳት አይቻልም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አያስፈልግምም። «ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል» ማለት ይበቃል። ከቀድሞው የሚረዝመው በሁለት ቃል ብቻ ነው፤ እውነትም ነው። እናንተም ስለ መድኃኒት ስታነቡ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ የትኛውን መልእክት ነው የሚዘጋው? የተሞከረውስ በማን ደም ላይ ነው?