የባሕር ወንበዴና የደጋ ሽፍታ፤ ስለ «ሪዝን 2» ጨዋታ የቀረበ ሐተታ

በአማርኛ ወንበዴና ሽፍታ አንድ አይደሉም። ወንበዴ የሚባለው ለሆዱ ሲል መንገድ የሚቆርጥ ነው፤ ሽፍታ ግን ተበድሎ፣ ርስቱን ተነጥቆ፣ ወይም ደም ኖሮበት በረሓ የገባ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደባርቅና በዳባት ሽማግሎች መካከል የአንድ ሽፍታ ወሬ የተነሣ እንደ ሆነ፣ አድማጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሰው ገደለ ብሎ አይደለም፤ ለምን ሸፈተ፣ ማንስ አበላው፣ በማንስ አማላጅነት ገባ ብሎ ነው።

ይህን ያነሣሁት «ሪዝን 2 ዳርክ ዋተርስ» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመመርመር መለኪያ ይሆነኛል በማለት ነው። ጨዋታውን የሠራው በጀርመን አገር በኤሰን ከተማ የነበረው ፒራኛ ባይትስ ሲሆን፣ የወጣበት ዘመን እ.ኤ.አ. 2012 ነው፤ ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል። ተጫዋቹ ስሙ የማይነገር የአንድ ወታደር ሚና ይዞ ከደሴት ወደ ደሴት እየዞረ ይዋጋል፣ ይማራል፣ ይሰርቃል። ማራ የምትባል ኃይለኛ ፍጡር ባሕሩን ይዛ መርከቦችን ስለምታሰጥም፣ እርሷን የሚገድል መሣሪያ መፈለግ የታሪኩ ዋና ጕዳይ ነው።

ከመልካሙ ልጀምር። በብዙ ጨዋታዎች ጀግናው አውሬ በገደለ ቍጥር ዕውቀቱ ከሰማይ እንደ ወረደ ያህል ይጨመርለታል። በዚህ ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። ሰይፍ መምታት፣ ቍልፍ መክፈት፣ ሰውን በአፍ ማታለል፣ እያንዳንዱ ሙያ አስተማሪ አለው፤ አስተማሪውም የሚገኝበት ቦታ አለ፣ ዋጋውንም በወርቅ ይጠይቃል። ድኻ ሆኖ የጀመረው ሰው ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ደካማ ሆኖ ይቈያል። የኔታ ፍለጋ ከደብር ደብር የሚዞሩትን የቆሎ ተማሪዎች ላየ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ሙያ ከሰው የሚገኝ መሆኑን ጨዋታው ተረድቶታል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚበልጠው የቩዱ ጥበብ ነው። ተጫዋቹ በአሻንጉሊት ድግምት ወደ ሌላ ሰው አካል ይገባና በዚያ ሰው እግር ይሄዳል። ትናንት በበሩ ያላሳለፈው ዘበኛ አሁን እጅ ይነሣዋል፤ ሰዎች የሚያነጋግሩት በሌላው ሰው ስምና ማዕርግ ነው። ሚና መያዝ ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ክፍል በጨዋታው ውስጥ አላገኘሁም። እንዲሁም ተጫዋቹ በአገሬው ተወላጆች ቩዱና ኢንኩዊዚሽን በተባለው ሠራዊት ጠመንጃ መካከል አንዱን መምረጥ አለበት፤ የመረጠ ሰው ሌላውን አያገኝም። ሁለቱንም ለማየት ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ጀምሬዋለሁ፤ አልጸጸትም።

(ሌባ ጦጣ አሠልጥኖ በጠባብ ቀዳዳ የማስገባቱን ነገር ብዙዎች ያደንቁታል። በስሜን ግርጌ የገብስ ማሳ ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ግን በዚህ ብዙ አይደነቅም።)

ወደ ጕድለቱ ልመለስ። ጀግናው ለምን ሸፈተ? መልሱ፦ አልሸፈተም የሚል ነው። የኢንኩዊዚሽን ወታደር ሳለ፣ አለቃው ካርሎስ የደንብ ልብሱን አስወልቆ ወደ ወንበዴዎቹ ይልከዋል። እንግዲህ ሰላይ ነው እንጂ ከሕግ የወጣ ሰው አይደለም። በደሉ የለም፣ ቂሙ የለም፣ የሚያጣውም ርስት የለም። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» የተባለው ጨዋታ የምትሸሽ ዶሮ ታሪክ ነው፤ ዶሮ ለምን እንደምትሸሽ ደግሞ በዓል ያከበረ ሁሉ ያውቃል። ከምክንያት በኩል ዶሮዋ ከዚህ ጀግና ትበልጣለች።

የካሣ ኃይሉን ታሪክ እናስብ። በቋራ በረሓ ሸፈተ፤ የቀማውን ገንዘብ ለገበሬዎች እንዳካፈለም ይነገራል። እቴጌ መነን በኃይል ስላልቻሉት የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ድረውለት ገባ፤ እንደገናም ሸፈተ። በመጨረሻ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ፣ ውቤ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በዚህ ታሪክ ውስጥ መሸፈትና መግባት፣ ጋብቻና ክዳት፣ የገበሬው እንጀራና የገበሬው ጥቆማ ሁሉም ዋጋ አላቸው። ጨዋታው ከነዚህ አንዱን እንኳ ቢበደር ምንኛ በበለጸገ ነበር!

በጨዋታው ግን የተዘረፈ ቤት አያለቅስም። ባለቤቱ ካየ ይቈጣል፤ ካላየ ግን ሣጥኑ ባዶ ይሆንና ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ በማግሥቱም ያው ሰው ሰላምታ ይሰጣል። ጨዋታ ነውና ምን አለበት የሚለኝ ይኖራል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፣ ቤቶችም ተዘርፈዋል። በቅርብ ዓመታትም በጎንደር አካባቢ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ብዙ ቤተሰብ አስለቅሷል። እኔ ዝርፊያ በጨዋታ አይታይ አልልም፤ የተዘረፈው ሰውም ይታይ እላለሁ። እንደ ሥነ ጥበብም ቢሆን ኪሳራው ግልጽ ነው፤ የሚከተል ነገር የሌለው ስርቆት ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይሰለቻል።

ሁለተኛው ጕድለት ባሕሩ ነው። ተጫዋቹ መርከብ ያገኛል፤ መርከቧን ግን አይነዳም። ካርታ ይዘረጋል፣ የደሴት ስም ይመርጣል፣ ይደርሳል። ይህ ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን ሳይወርዱ ዛሪማ መድረስ ነው። ያን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው የሚያወራው ስለ መንገዱ ነው እንጂ ስለ ደረሰበት አይደለም። ነገሩ የማይቻል ሆኖ እንዳልቀረ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ፒላርስ ኦቭ ኢተርኒቲ 2 ዴድፋየር» ምስክር ነው፤ በዚያኛው መርከበኛው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ደመወዝ ይጠይቃል፣ ሲጓደልበትም ልቡ ይሸፍታል። ማን አበላው የሚለው የሽማግሎቹ ጥያቄ እዚያ መልስ አለው።

ስለ ውጊያው በአጭሩ፦ መጀመሪያ በወጣበት ጊዜ ተጫዋቹ ከአውሬ ጥቃት ዘወር የሚልበት መንገድ አልነበረውም፤ አውሬውም በሰይፍ አይመከትም፤ ስለዚህ አንድ ከርከሮ ከሦስት ወንበዴ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሠሪዎቹ ኋላ ባወጡት ማሻሻያ ይህን አርመውታል፤ የሚጫወት ሰው የታረመውን ይፈልግ።

መጨረሻውም ድንገተኛ ነው። ማራ ትሞታለች፤ ጥቂት ንግግር ይደረጋል፤ ከዚያም የሠሪዎቹ ስም ይወርዳል። ሰላዩ ወደ አለቃው ተመልሶ ይግባ ወይስ ከወንበዴዎቹ ጋር ይቅር፣ የወሰደውን ይመልስ ወይስ ይካስ፣ ማን አማላጅ ሆኖ በማን ፊት እንደሚቆም፣ ይህ ሁሉ አይነገርም። ሁለተኛ ጊዜ ስጨርሰው ከኋላዬ ቆሞ ይመለከት የነበረው የመኝታ ቤት ጓደኛዬ «ታዲያ ገባ ወይስ አልገባም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አልነበረኝም።